በክረምቱ እንግሊዝኛ ምን ታንብብ? ምንስ ትጻፍ?

ጥያቄው፦ «የምኖረው ደብረ ብርሃን ነው። ልጄ ዘንድሮ 10ኛ ክፍልን ጨርሳለች፤ በእንግሊዝኛ ያገኘችው 58 ነው። የአማርኛ ልብ ወለድ ከእጇ አይለይም። እንግሊዝኛ መጽሐፍ ስትይዝ ግን መዝገበ ቃላት ከጎኗ አስቀምጣ ሁለት ገጽ ሳትሞላ ትተወዋለች። ክረምቱን የሰዋስው ማጠናከሪያ ላስገባት ወይስ መጽሐፍ ልግዛላት? ምን ታንብብ? ምንስ ትጻፍ? እኔ እንግሊዝኛ ስለማልችል ልረዳት አልቻልኩም። ታናሽ ወንድሟም 8ኛን ጨርሶ በመስከረም 9ኛ ይገባል፤ ለእሱም አስባለሁ።»

መልስ፦ የተከበሩ ጠያቂ፣ ገንዘቡ ለአንዱ ብቻ የሚበቃ ከሆነ መጽሐፍ ይግዙላት። ያውም ቀላል መጽሐፍ፣ ልጅዎ መጀመሪያ ስታየው «ይህማ የሕፃን ነው» ልትል የምትችለውን።

እንዲህ የምለው ሰዋስውን ንቄ አይደለም። ለረጅም ዓመታት በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት እንግሊዝኛ ሳስተምር ሰዋስው ጎድሎብን አያውቅም። ከታች ክፍል ጀምሮ ያለፈ ጊዜን፣ የአሁን ጊዜን፣ ተገብሮ ግሥን በየዓመቱ እየደጋገምን አስተምረናል። ተማሪው ሕጉን ጠይቁት፤ በቃሉ ይነግራችኋል። ዓረፍተ ነገር ጻፍ ሲባል ግን ብዕሩ አይንቀሳቀስም። የጎደለው የቋንቋው ብዛት ነው። በመማሪያ መጽሐፉ ውስጥ ያለ አንድ ምንባብ ጥቂት መቶ ቃላት ነው፤ እሱኑ እየቆራረጥን፣ ጥያቄውን እየሠራን፣ አዲስ ቃላቱን እያወጣን ቀናት እንቆይበታለን። በዚህ አካሄድ አንድ ተማሪ በእንግሊዝኛ ክፍለ ጊዜ ዓመቱን ሙሉ የሚያነበው ቢደመር ልጅዎ በአንድ ሳምንት የምትጨርሰውን የአማርኛ ልብ ወለድ የሚያህል አይመስለኝም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልበልዎት። ልጅዎ አማርኛ ማንበብ መውደዷን እንደ እንቅፋት አይዩት፤ ብዙ ወላጆች «አማርኛውን ትተሽ እንግሊዝኛውን ያዢ» ብለው መጽሐፉን ይቀሟቸዋል። ታሪክን ከዳር እስከ ዳር መከተል፣ ያልገባትን ነገር አልፋ ሄዳ ወደፊት ይገባኛል ብላ መጠበቅ፣ ገጸ ባሕርይን መጠርጠር፣ ይህን ሁሉ አስቀድማ ታውቀዋለች። መጻፍ ከሚያቅታቸው ተማሪዎቼ ብዙዎቹ በአማርኛም የማያነቡ ነበሩ፤ የእርስዎ ልጅ ከእነሱ በጣም ቀድማለች። ስለዚህ አማርኛዋን አይንኩባት።

ሁለት ገጽ ላይ የምታቆመው መጽሐፉ ስለሚከብዳት ነው እንጂ ሰነፍ ሆና አይደለም። በንባብ ላይ የተደረጉ ጥናቶች እንደሚያሳዩት አንድ ሰው ያለ መዝገበ ቃላት ተረድቶ ለማንበብ በገጹ ላይ ካሉት ቃላት 98 በመቶ ያህሉን ማወቅ አለበት። ይህም ከ100 ቃል የማታውቀው ሁለት ብቻ ሊሆን ይገባል ማለት ነው። ከ100 ቃል አሥሩ የሚጠፋበት አንባቢ በየመስመሩ ይቆማል፤ ሲቆም ታሪኩ ይጠፋዋል፤ ታሪኩ ሲጠፋው ደግሞ ለማንበብ ምክንያት አይኖረውም። ስለዚህ መጽሐፍ ስትመርጡ ልጅዎ ከመሐል አንድ ገጽ ገልጣ ታንብብና የማታውቀውን ቃል በጣቷ ትቁጠር። በአንድ ገጽ ከአምስት ከበለጠ መጽሐፉን መልሳ ሌላ ታንሳ። ይህን የምታደርገው ሻጩ ፊት ነው፤ ከተገዛ በኋላማ ምን ዋጋ አለው?

ለዚህ ተብሎ የተዘጋጁ መጻሕፍት አሉ። ታሪኮችን በተወሰነ የቃላት ብዛት በደረጃ ከፋፍለው የሚያቀርቡ ተከታታይ መጻሕፍት ናቸው። በብዛት የሚታወቁት የኦክስፎርድ ቡክዎርምስ እና የፔንግዊን ሪደርስ ናቸው። ኦክስፎርዱን ብንወስድ ደረጃ 1 በ400 መሠረታዊ ቃላት፣ ደረጃ 2 በ700፣ ደረጃ 3 በ1,000፣ ደረጃ 4 በ1,400፣ ደረጃ 5 በ1,800፣ ደረጃ 6 በ2,500 ቃላት የተጻፈ ነው። ደረጃው ሽፋኑ ላይ ስለሚጻፍ መምረጥ አያስቸግርም። በእንግሊዝኛ 58 ላገኘች የ10ኛ ክፍል ተማሪ ከደረጃ 2 እንድትጀምር እመክራለሁ፤ ከተመቻት በሁለተኛው ሳምንት ወደ 3 ትሻገራለች፤ ከከበዳት ወደ 1 ትውረድ። መውረድ አያሳፍርም። በደረጃ 1 አምስት መጽሐፍ የጨረሰ ተማሪ በደረጃ 5 ሦስት ገጽ ላይ ከቆመው ተማሪ ብዙ እጥፍ እንግሊዝኛ አግኝቷል።

ሂሳቡን አብረን እንሥራው። በደቂቃ 80 ቃል ብቻ ብታነብ፣ ይህም ዝግ ያለ ንባብ ነው፣ በግማሽ ሰዓት 2,400 ቃል ትጨርሳለች። በሳምንት ስድስት ቀን ሲሆን 14,400፤ በስምንት ሳምንት ከ115 ሺህ ቃል በላይ። የደረጃ 2 መጽሐፍ ከ6 እስከ 7 ሺህ ቃል ገደማ ስለሆነ በሳምንት ሁለት መጽሐፍ ማለት ነው። ይህ ሁሉ የሚመጣው በቀን ከግማሽ ሰዓት ነው፤ ቀሪው ቀን ለቤት ሥራ፣ ለጨዋታ፣ ለአማርኛ ልብ ወለዷ ይተርፋል።

ብዛት ያለው ቀላል ንባብ ለውጥ ያመጣል ስል ከራሴ ክፍል ብቻ ተነሥቼ አይደለም። እንደ እኛው እንግሊዝኛን በትምህርት ቤት ብቻ የሚያገኙ የፊጂ የገጠር ልጆች ላይ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጀመሪያ የተደረገ የታወቀ ጥናት አለ። ዋርዊክ ኤሊ እና ፍራንሲስ ማንጉባይ የተባሉ ተመራማሪዎች በየክፍሉ 250 ማራኪ የታሪክ መጻሕፍት አስገቡ። ከስምንት ወር በኋላ በታሪክ መጻሕፍቱ የተማሩት ልጆች በንባብም በማዳመጥም ችሎታ ከተለመደው በእጥፍ ፍጥነት አድገው ተገኙ። እኔን ይበልጥ ያስገረመኝ ሁለተኛው ዓመት ነው፤ ለውጡ ወደ ጽሑፋቸውም ተሻግሮ ነበር።

አሁን መጽሐፉ ከየት ይምጣ? አዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ነው፤ የሚመላለስ ዘመድ ካለ በየመንገዱ ያሉ የአሮጌ መጻሕፍት ሻጮች ዘንድ የተጠቀሙባቸው ቅጂዎች ከአዲሱ ዋጋ በብዙ ቀንሰው ይገኛሉ። ከመግዛት በፊት ግን የትምህርት ቤቷን ቤተ መጻሕፍት ይጠይቁ። በአንዳንድ ትምህርት ቤቶች እነዚህ መጻሕፍት በእርዳታ መጥተው አቧራ ለብሰው ተቀምጠዋል፤ ለክረምት በውሰት እንዲሰጡ ወላጅ በግንባር ሄዶ ሲጠይቅ ርእሰ መምህሩ እምቢ ለማለት ይከብደዋል። እሷና ሁለት ጓደኞቿ እያንዳንዳቸው ሦስት ሦስት መጽሐፍ ቢገዙ ደግሞ ተቀያይረው ዘጠኙንም ያነባሉ።

መጽሐፍ ጨርሶ ካልተገኘ ታሪኩን በአማርኛ በደንብ የምታውቀውን ነገር በእንግሊዝኛ ታንብብ። ቤታችሁ የክርስቲያን ቤት ከሆነ በቀላል እንግሊዝኛ የተተረጎመ መጽሐፍ ቅዱስ፣ ለምሳሌ ጉድ ኒውስ የሚባለው ትርጉም፣ ጥሩ መነሻ ነው። የዮሴፍን ወይም የሩትን ታሪክ ከልጅነቷ ስለምታውቀው ያልገባትን ቃል ታሪኩ ራሱ ይፈታላታል። የእስልምና ተከታዮች ተማሪዎቼም የነቢያትን ታሪክ በቀላል እንግሊዝኛ ሲያነቡ ተመሳሳይ ውጤት አይቻለሁ። ስልክና ኢንተርኔት ካለ አፍሪካን ስቶሪቡክ የተባለው ድረ ገጽ አጫጭር ታሪኮችን በእንግሊዝኛም በአማርኛም በነፃ ያቀርባል፤ ለትናንሽ ልጆች የተዘጋጀ ቢሆንም ከታች ለምነግርዎ የጽሑፍ ልምምድ በጣም ይጠቅማል። በአንጻሩ በነፃ የሚወርዱትን የ19ኛው ክፍለ ዘመን ትላልቅ ልብ ወለዶች ለጊዜው ትተዋቸው። ነፃ መሆናቸው ያጓጓል፤ ለእንግሊዝ ልጆች እንኳ የሚከብዱ ናቸው።

ልብ ወለድ ወዳጅ ስለሆነች ደግሞ ከክረምቱ በኋላ የምትደርስበትን ላሳይዎት። ሣህለ ሥላሴ ብርሃነ ማርያም በእንግሊዝኛ የጻፉትና እ.ኤ.አ. በ1968 የታተመው «አፈርሳታ» የሚጀምረው በጉራጌ አገር የአንድ ሰው ጎጆ ተቃጥሎ ነው፤ ያቃጠለውን ለማውጣት አገሬው ተሰብስቦ አውጫጭኝ ይቀመጣል። እንግሊዝኛው ቀና ነው፤ ነገሩ ደግሞ የራሳችን ነው። ደረጃ 4ን በምቾት ካነበበች ልትሞክረው ትችላለች። የ«አደፍርስ» ደራሲ ዳኛቸው ወርቁም እ.ኤ.አ. በ1973 በእንግሊዝኛ የታተመ ልብ ወለድ አላቸው፤ እሱ ግን ከበድ ያለ ስለሆነ ለ12ኛ ክፍል ይቆያት። በእንግሊዝኛ የሚጻፈው ስለ ሩቅ አገር ሰው ብቻ አለመሆኑን ማየት በዚህ ዕድሜ ላለች ልጅ ትልቅ ነገር ነው፤ መጽሐፉን በእጇ ባታገኝ እንኳ መኖሩን ይንገሯት።

መዝገበ ቃላቱን በተመለከተ፣ እያነበበች ሳለ ሌላ ክፍል ይቀመጥ። የማታውቀውን ቃል በእርሳስ ታስምርበትና ትለፍ፤ መጽሐፉ የውሰት ከሆነ በቁራጭ ወረቀት ትያዘው። ምዕራፉ ሲያልቅ ካሰመረችባቸው ውስጥ ደጋግመው የመጡትን ሦስቱን ብቻ ትፈልግ። ደብተሯ ላይም ቃሉን ከነአማርኛው ብቻ አትገልብጥ፤ ያገኘችበትን ዓረፍተ ነገር ሙሉውን ትጻፈው። ቃል ከጎረቤቶቹ ጋር ሲያዝ በኋላ ለመጻፍ ይታዘዛል።

ወደ ጽሑፉ ልምጣ፤ ብዙ የምለው እዚህ ላይ ነው። የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና እንግሊዝኛውን የሚጠይቀው በምርጫ ነው፤ ተማሪው አንድ አንቀጽ እንኳ በእጁ አይጽፍም። ስለዚህ በየትምህርት ቤቱ የጽሑፍ ክፍለ ጊዜ የሚታጠፈው መጀመሪያ ነው። አንድ ክፍል ውስጥ 60 ተማሪ ላለው መምህር 60 ድርሰት ማረምም ቀላል አይደለም፤ እኔም ስለማውቀው መምህራንን አልወቅስም። ነገር ግን ልጅዎ ዩኒቨርሲቲ ስትገባ በመጀመሪያው ዓመት የጽሑፍ ሥራ ይጠብቃታል፤ የላቦራቶሪ ሪፖርት፣ የቡድን ሥራ፣ በኋላም የመመረቂያ ጽሑፍ። ክረምቱ ማንም ማርክ የማይሰጥበት ብቸኛው ጊዜ ነውና ለመጻፍ ምቹ ነው።

በየቀኑ ካነበበች በኋላ አምስት ዓረፍተ ነገር ትጻፍ። የታሪኩን ጭብጥ እንድታሳጥር አትጠይቋት፤ ማሳጠር አሰልቺ ነው፣ ከመጽሐፉ ለመገልበጥም ይጋብዛል። ከዚያ ይልቅ «ዛሬ ማን አናደደሽ?»፣ «አንቺ ብትሆኚ ምን ታደርጊ ነበር?»፣ «ነገ ምን የሚሆን ይመስልሻል?» ከሚሉት አንዱን መርጣ ትመልስ። አስተያየት ያለው ሰው ቃል ይፈልጋል፤ ቃሉም አሁን ካነበበችው ገጽ ላይ ይመጣላታል።

በሳምንት አንድ ቀን ደግሞ ከፍ ያለ ሥራ ትሥራ። አሜሪካዊው ጸሐፊና ፖለቲከኛ ቤንጃሚን ፍራንክሊን ገና በአሥር ዓመቱ ከትምህርት ቤት የወጣ፣ በልጅነቱ በማተሚያ ቤት ተለማማጅ የነበረ ሰው ነው። መጻፍን ያስተማረው መምህር አልነበረም፤ እንዴት እንደተማረ በግለ ታሪኩ ጽፎታል። በለንደን ይታተም ከነበረው ስፔክቴተር ከተባለ መጽሔት አንድ ጥሩ ጽሑፍ ያነብብና የየዓረፍተ ነገሩን ሐሳብ በጥቂት ቃል ይመዘግባል። ለጥቂት ቀናት ያስቀምጠዋል። ከዚያ መጽሐፉን ሳይገልጥ ጽሑፉን ከማስታወሻው ተነሥቶ በራሱ ቃል ይጽፈዋል፤ በመጨረሻም ከዋናው ጋር አስተያይቶ ስሕተቱን ያርማል። አስተማሪ በሌለበት ቤት ከዚህ የተሻለ ዘዴ አላገኘሁም፤ አራሚው ዋናው ጽሑፍ ራሱ ነውና።

በምሳሌ ላሳይ። የተጠማው ቁራ በእንስራ ውስጥ ጠጠር እየጣለ ውሃውን ከፍ አድርጎ የጠጣበትን ተረት ታውቃለች። ከአሥር ዓረፍተ ነገር የማይበልጠውን የእንግሊዝኛውን ቅጂ ሁለት ጊዜ ታንብብ። በቁራጭ ወረቀት ላይ ለአንዱ ዓረፍተ ነገር «ክሮው፣ ሆት ዴይ፣ ዋተር» (ቁራ፣ ሞቃት ቀን፣ ውሃ)፣ ለሚቀጥለው «ጀግ፣ ቱ ዲፕ» (እንስራ፣ በጣም ጥልቅ) እያለች በእንግሊዝኛ ፊደል ትመዝግብ። ሰኞ የመዘገበችውን ሐሙስ ትጻፈው። ከዚያ ሁለቱን ጎን ለጎን ታስቀምጥ። መጀመሪያ የምታየው ምን እንደሚሆን ልንገርዎ፦ ዋናው ጽሑፍ ቁራውን መጀመሪያ ሲጠራው «ኤ ክሮው» ይላል፤ ከዚያ በኋላ ሁሉ «ዘ ክሮው» ነው። የእሷ ላይ ሁለቱም ጠፍተው ባዶውን «ክሮው» ተቀምጦ ታገኘዋለች። ይህን ሕግ በክፍል ውስጥ ብዙ ጊዜ ሰምታዋለች፤ ነገር ግን እኛም ተረት ስንጀምር «አንድ ቁራ ነበር» ብለን ቀጥለን «ቁራው» እንደምንል ያስተዋለችው አይመስለኝም። በገዛ ወረቀቷ ላይ ጎን ለጎን ስታየው ነው የሚገባት።

ሌላው በተደጋጋሚ የሚታየው የሌላ ሰውን ንግግር ስትጽፍ ነው። በአማርኛ «አስቴር ነገ እመጣለሁ አለች» እንላለን፤ መጪዋ አስቴር መሆኗን ማንም አይስተውም። ተማሪዎቻችን ይህንኑ አቀማመጥ ወደ እንግሊዝኛ ሲያሻግሩት ያለ ትምህርተ ጥቅስ «አይ» (በእንግሊዝኛ «እኔ») ብለው ይጽፉታል፤ የእንግሊዝኛ አንባቢ ደግሞ የሚመጣው ጸሐፊው ራሱ ይመስለዋል። ታሪክ ውስጥ ሰዎች ብዙ ስለሚነጋገሩ ልጅዎ በንባቧ ትክክለኛውን አቀማመጥ በየገጹ ታገኘዋለች፤ ስታስተያይ ልብ እንድትለው ብቻ ይንገሯት።

ስሕተትን ሁሉ በአንድ ጊዜ ማደን ግን ብዕር ያስጥላል። ለአንድ ሳምንት አንድ ዓይነት ስሕተት ብቻ ትከታተል፤ በዚህ ሳምንት «ኤ» እና «ዘ»፣ በሚቀጥለው የግሥ ጊዜ። ሌላው ይለፍ።

ውጭ አገር ያለ ዘመድ አላችሁ? አክስትም ሆነ አጎት፣ ዋሽንግተንም ይኑሩ ዱባይ፣ በየሳምንቱ በእንግሊዝኛ ደብዳቤ የምትጽፍላቸው ሰው ካገኘች ትልቅ ረዳት ነው። ዘመድየውን ግን አስቀድመው ይለምኑልኝ፦ አያርሙ። የጻፈችውን አንብበው የሚመልሱት ነገር ይኑራቸው፣ ይጠይቋት፣ ይገረሙ። እርማቱ በመልሳቸው ውስጥ ባለው ትክክለኛ እንግሊዝኛ ይደርሳታል።

ስለ ስልኩ ደግሞ በግልጽ ልናገር። ዛሬ አንድ ተማሪ ርእሱን ለሰው ሠራሽ አስተውሎት መተግበሪያ ሰጥቶ ሙሉ ድርሰት በደቂቃ ይቀበላል። በክረምት እንዲህ ያለው ጽሑፍ ለማንም አይጠቅምም፤ ማርክ የለበትም፣ የሚታለል መምህር የለም፣ የምትቀረው ልጅዎ ብቻ ናት። በመጀመሪያ በእጇ በደብተር ትጻፍ። ከጨረሰች በኋላ «ይህ ዓረፍተ ነገር ለምን ስሕተት ሆነ?» ብላ ብትጠይቅበት ግን አልቃወምም።

የሰዋስው ማጠናከሪያው ቢቀርባት አይጎዳትም። በአካባቢያችሁ በክረምት በጎ ፈቃድ አገልግሎት የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች በነፃ የሚያስተምሩ ከሆነ ትሂድ፤ ነገር ግን የንባቡን ግማሽ ሰዓት እንዳይወስድባት።

«እንግሊዝኛ ስለማልችል ልረዳት አልቻልኩም» ያሉት አሳዝኖኛል፤ እርስዎ የሚረዷት እርዳታ እኔ ከማደርገው ይበልጣል። ማታ ቡና ሲፈላ «ዛሬ ያነበብሽውን አጫውቺኝ» ይበሏት። በአማርኛ ታጫውትዎ። ለመተረክ የገባት መሆን አለበት፤ ሳይገባት ያለፈችው ቦታ እርስዎ «ታዲያ ለምን ጥሏት ሄደ?» ብለው ሲጠይቁ ይገለጥላታል፤ ተመልሳም ታነበዋለች። ፈተና አይምሰልባት፤ ታሪኩን ለመስማት የምር ጓጉተው ይጠይቁ። ስልቹ የነበሩ ተማሪዎቼ ያነበቡትን የሚሰማቸው ሰው ሲያገኙ እንዴት እንደተለወጡ ስላየሁ ነው ይህን አጥብቄ የምነግርዎ።

ጊዜውን በተመለከተ ሐምሌ 1 ቀን ጀምራ ነሐሴ ማብቂያ ላይ ብታቆም ይበቃል። መብራት በሚጠፋበት ማታ እንዳይስተጓጎል ንባቡ በቀን ይሁን። ቡሄና ሌላውም በዓል ይከበር፤ የተዘለለ ቀን በነጋታው በእጥፍ አይከፈል። ጳጉሜንን ትረፍበት።

ታናሽ ወንድሟ ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ባዮሎጂውም ታሪኩም በእንግሊዝኛ ስለሚሆንበት ከእሷ ይልቅ እሱ ያሳስበኛል። እሱ ከደረጃ 1 ይጀምር፤ በሳምንት አንድ መጽሐፍ ይበቃዋል። በየሁለት ቀኑ እሷ ከጨረሰቻቸው መጻሕፍት አንዱን ድምፅዋን ከፍ አድርጋ አሥር ደቂቃ ታንብብለት፣ እሱም መጽሐፉን እያየ በዓይኑ ይከተል። እሱ የቃሉን አነባበብ ከፊደሉ ጋር ያገናኛል፤ እሷም ሰው የሚሰማት ስለሆነ ዓረፍተ ነገሩን ሳትቆራርጥ በትክክለኛው ቦታ እየተነፈሰች ማንበብ ትለምዳለች። ከመስከረም በፊትም የባዮሎጂውንና የጂኦግራፊውን መማሪያ መጽሐፍ ተውሶ ሥዕሎቹንና ከሥራቸው ያሉትን አጫጭር መግለጫዎች ብቻ ያንብብ፤ በመጀመሪያው ሳምንት መምህሩ የሚጠቅሳቸው ቃላት አዲስ እንዳይሆኑበት።